ለሌላ ሥራ የተወለደ ገለፈት

በኖቬምበር 1776 አሌሳንድሮ ቮልታ በሰሜን ኢጣሊያ፣ በማጆሬ ሐይቅ ዳርቻ፣ አንጄራ በምትባል ከተማ አጠገብ የረግረጉን ጭቃ በዱላ እየወጋ ያማስል ነበር። ዱላው በገባ ቁጥር ከሥር አረፋ ይንተከተካል። ቮልታ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ገልብጦ አረፋውን ይቀበላል፤ ጋዙ ወደ ላይ ሲገባ ውሃው ወደ ታች ይወጣል። በእሳት ሲሞክረው ጋዙ በሰማያዊ ነበልባል ቀስ ብሎ ነደደ። ዛሬ ስሙ በየአምፖሉና በየሶኬቱ ላይ «ቮልት» ተብሎ የሚነበበው ሰው፣ ባትሪውን ከመሥራቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ያገኘው ነገር ይህ ነበር። ጋዙ ኋላ ሜቴን ተባለ። («ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሜቴን የሚወለደው እርጥብና የሚበሰብስ ነገር አየር አጥቶ በታመቀበት ሁሉ ነው፤ በረግረግ፣ በላም ሆድ፣ በፍሳሽ ጉድጓድ፣ በቆሻሻ ክምር ውስጥ። ግን ብቻውን አይወጣም። ከተሸፈነ የከተማ ቆሻሻ የሚወጣው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሜቴን ነው፤ ከቀሪው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ናይትሮጅን፣ የውሃ እንፋሎትና እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም አብረውት አሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አይነድም፤ ቦታ ይይዛል፤ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝም ቧንቧ ይበላል። ጋዙን በከተማ ማስተላለፊያ መስመር ለመላክ ወይም መኪና ለመንዳት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ሁለቱን መለየት አለበት።

ይህን ከሚሠሩት ዘዴዎች አንዱ ገለፈት ነው፤ አንዱን ጋዝ የሚያሳልፍ፣ ሌላውን የሚያስቀር ስስ የፕላስቲክ ሽፋን። ታሪኩን ስከታተል ደጋግሞ የገረመኝ፣ በዚህ መንገድ ላይ ከተራመዱት ሰዎች መካከል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቆሻሻን አስቦ የሠራ አለመኖሩ ነው። አንዱ በፊኛ ሲጫወት፣ ሌላው ቦምብ ሲሠራ፣ ሌላው የባሕር ውሃ ሲያጣራ፣ ሌላው ነዳጅ ከመሬት ሲያወጣ የተገኘው ሁሉ ተጠራቅሞ ነው ወደ ቆሻሻው ክምር የደረሰው።

መነሻው በ1829 ነው። የግላስጎው ተወላጅ የሆነው ቶማስ ግሬሃም አንድ የእንስሳ ፊኛ አርጥቦ፣ ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ ከግማሽ በላይ ሞልቶ አሰረውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞላበት ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው። ፊኛው ቀስ በቀስ እየተነፋ ሄዶ ሊፈነዳ ደረሰ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እርጥቡን ቆዳ አልፎ ሲገባ፣ ውስጥ ያለው ጋዝ በዚያው ፍጥነት መውጣት አልቻለም ማለት ነው። የዛሬው ማሽን የሚሠራው ሥራ በዚያ ፊኛ ላይ ታይቶ ነበር፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፊላደልፊያ ውስጥ ጆን ኪርስሊ ሚቸል የተባለ ሐኪም ለተማሪዎቹ የጎማ ፊኛ ሃይድሮጅን እየሞላ ይለቅ ነበር። ፊኛዎቹ ወደ ጣሪያው ይወጣሉ፤ ቆየት ብለው ግን ይወርዳሉ። ሃይድሮጅኑ የት ሄደ? ፊኛው አልተቀደደም፤ ቀዳዳም አልተገኘበትም። ሚቸል ነገሩን እንዲሁ አላለፈውም። በስስ ጎማ የጠርሙስ አፍ እየወጠረ እኩል መጠን ያለው ጋዝ በጎማው ለማለፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ለካ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 5 ደቂቃ ተኩል፣ ሃይድሮጅን 37 ደቂቃ ተኩል፣ ኦክስጅን 113 ደቂቃ ሆነ። እዚህ ላይ እንቆቅልሽ አለ። ሃይድሮጅን ከጋዞች ሁሉ ቀላሉ ሆኖ ሳለ ከእሱ ሃያ ሁለት እጥፍ የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀደመው። ነገሩ በቀዳዳ መሹለክ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

እንቆቅልሹን የፈታው ያው ግሬሃም ነው፤ ግን 1866 ደርሶ፣ እሱም የእንግሊዝ ሳንቲም ማምረቻ ቤት ኃላፊ ከሆነ በኋላ። ጋዙ በቀዳዳ አያልፍም አለ። በአንዱ ገጽ ጎማው ውስጥ ይሟሟል፣ ጎማውን ሰርጎ ይሄዳል፣ በሌላው ገጽ ተመልሶ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አሸናፊው የቀለለው ብቻ ሳይሆን በጎማው ውስጥ በደንብ የሚሟሟውም ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚህ ጎበዝ ነው፤ ሜቴን ደግሞ ሰነፍ ነው። ግሬሃም በዚሁ ዘዴ አየርን በጎማ አሳልፎ 21 በመቶ የነበረውን ኦክስጅን ወደ 41 በመቶ አደረሰው። ቀመሩ ተገኘ፤ ፋብሪካው ግን አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሰማንያ ዓመት ያህል ነገሩ ከላቦራቶሪ አልወጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጋዝ በጎማ የሚያልፈው በጣም በዝግታ ነው። ለማፋጠን ገለፈቱን ማሳሳት ያስፈልጋል፤ ሲሳሳ ይቀደዳል፣ ወይም ዓይን የማያየው ቀዳዳ ያወጣል። አንዲት ቀዳዳ ደግሞ ሥራውን ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች፤ ጋዙ ሳይለይ በእሷ ይሾልካል።

በገለፈት ጋዝ በፋብሪካ ደረጃ የተለየው መጀመሪያ ለጦርነት ነው። በ1945 አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ፣ ኦክ ሪጅ ላይ የዩራኒየም ጋዝ ረቂቅ ቀዳዳ ባላቸው ማጣሪያዎች እየደጋገመ የሚያልፍበት ግዙፍ ሕንፃ ሥራ ጀመረ። ለሂሮሺማው ቦምብ የዋለው ዩራኒየም ከፊሉ የተጣራው እዚያ ነው። ዘዴው ቀለል ያለው ጋዝ ከከባዱ ፈጥኖ በቀዳዳ ያልፋል የሚለው የራሱ የግሬሃም ሌላ ሕግ ነበር፤ ለሜቴን የሚጠቅም አይደለም። ሆኖም ገለፈት የሰፈር ያህል ስፋት ባለው ፋብሪካ ሊሠራ እንደሚችል ያየ ሰው አለ ማለት ነው። በ1950 ዌለርና ስታይነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኦክስጅንን ከአየር፣ ሂሊየምን ከተፈጥሮ ጋዝ በስስ ፕላስቲክ መለየት ምን ያህል እንደሚያስወጣ አሰሉ። ስሌቱ ልክ ነበር፤ የሚጠይቀው የገለፈት ስፋት ግን የማይሞከር ሆነ።

መፍትሔው የመጣው ከውሃ ጥም ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውሃ ስለቸገራት ዩኒቨርሲቲዋ የባሕር ውሃን ጨው የሚለይ ገለፈት ያፈላልግ ነበር። ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ከፎቶ ፊልም ጥሬ ዕቃዎች አንዱ የሆነውን ሴሉሎስ አሲቴት ይዘው ሞከሩ። በ1960 ያገኙት ገለፈት ሁለት ገጹ አንድ ዓይነት አልነበረም። አብዛኛው ውፍረቱ ስፖንጅ መሰል ነው፤ ከላይ ግን በፈላ ወተት ላይ እንደሚጋግር ስልባቦት ከአንድ ማይክሮሜትር የሳሳ ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን አለው። የመለየቱን ሥራ የሚሠራው ያ ስልባቦት ብቻ ነው፤ ስፖንጁ ደግፎ ይይዘዋል። ግሬሃም የተመኘው ስስነት ሳይቀደድ ተገኘ። በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ የኮሊንጋ ከተማ ነዋሪዎች በዚሁ ገለፈት የተጣራ ውሃ መጠጣት ጀመሩ።

ይህ ገለፈት ግን የሚሠራው እርጥብ እንደሆነ ነው። ጋዝ ለመለየት ሲያደርቁት ስፖንጁ ተጨማድዶ ይሟሽሻል። ውሃውን በሌላ ፈሳሽ፣ ያንንም በሌላ እየተኩ ሳይጎዱ ማድረቅን ለመማር ተጨማሪ ዓመታት ሄዱ።

ቀዳዳውን የደፈኑት ደግሞ የሞንሳንቶ ኬሚስቶች ጄይ ሄኒስና ሜሪ ትሪፖዲ ናቸው። ከሁሉ ታሪክ የምወደው ይህን ነው። ኩባንያው ፖሊሰልፎን ከተባለ ፕላስቲክ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ክር ይሠራ ነበር፤ ቀዳዳው ግን አልጠፋ አለ። ሌላው ሁሉ ቀዳዳ የሌለው ክር ለመሥራት ሲታገል፣ እነዚህ ሰዎች ክሩን በሲሊኮን ጎማ ቀቡት። ሲሊኮን ማንኛውንም ጋዝ በቀላሉ የሚያሳልፍ ስለሆነ ለመለየት የሚጠቅም አይመስልም። ነገር ግን ቀዳዳዎቹን ገብቶ ይደፍናል፤ በቀረው ገጽ ላይ ደግሞ የማንንም መንገድ አይዘጋም። የሚለየው ያው የሥረኛው ፕላስቲክ ሆኖ ቀረ። ፕሪዝም ተብሎ በ1980 አካባቢ ገበያ ወጣ፤ የመጀመሪያ ሥራውም በአሞኒያ ፋብሪካዎች ከሚወጣ ትርፍ ጋዝ ሃይድሮጅን መልሶ መያዝ ነበር። ያ ትርፍ ጋዝ ቀድሞ ይቃጠል የነበረ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትልቅ የጋዝ ገለፈት ገበያ ከሚባክን ጋዝ ጠቃሚውን ማስቀረት ነበር ማለት ይቻላል፤ የተፈለገው ግን ሜቴን አልነበረም።

ቆሻሻውስ? እሱን ያስታወሰው የነዳጅ ዋጋ ነው። በ1973 መጨረሻ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ የበርሜል ዋጋ ብዙ እጥፍ ዘለለ። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ዋጋ በሌላ መንገድ ያውቀዋል፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት በቤንዚን ጭማሪው ነበር፤ ከዚያ የሆነውን መተረክ አያስፈልገኝም። በሎስ አንጀለስ አጠገብ ደግሞ ያው ዋጋ የቆሻሻ ጋዝን ዓይን ውስጥ አስገባው። በ1975 በፓሎስ ቨርደስ የቆሻሻ መድፊያ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ቱቦ ሰድደው፣ ጋዙን ስበው፣ አጣርተው በከተማ መስመር ላኩት። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ፈር ቀዳጅ ይኸው ነው። ያጣሩት ግን በገለፈት ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሚመጥጡ ጠጣር እንክብሎች ነው። ገለፈቱ ያኔ ገና ሲደርቅ ይጨማደድ ነበር።

ሜቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በገለፈት በትልቅ ደረጃ የለየው መጀመሪያ የነዳጅ ሠፈር ነው። ምዕራብ ቴክሳስ፣ ስናይደር አጠገብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1972 ጀምሮ ወደ መሬት እየተገፋ ያረጀውን ጉድጓድ ነዳጅ ያስወጣ ነበር። ጋዙ ግን ተመልሶ ከነዳጁ ጋር ይወጣል፤ ከሜቴን ጋር ተቀላቅሎ፣ ዓመት በዓመትም እየበዛ። በ1983 ሴሉሎስ አሲቴት የተገጠመበት ማጣሪያ እዚያ ተተከለ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተለይቶ እንደገና ወደ መሬት ተላከ። ዛሬ ለአየር ንብረት መድኃኒት ተብሎ የሚሸጠው መሣሪያ ያደገው የበለጠ ነዳጅ ለማውጣት መሆኑ የሚያሳፍር ነገር አይመስለኝም፤ ያ ደንበኛ ባይኖር ዋጋው ባልወረደ ነበር።

በማርች 24 ቀን 1986 ማለዳ በእንግሊዝ፣ ደርቢሻየር፣ ሎስኮ በምትባል መንደር አንድ ቤት ፈነዳ። ውስጡ የነበሩት ሦስት ሰዎች ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። በቤቱ አቅራቢያ ቀድሞ ለጡብ የሚሆን ጭቃ የተቆፈረበት፣ ኋላም በቤት ቆሻሻ ተሞልቶ የተሸፈነ ጉድጓድ ነበር። ሌሊቱን የአየር ግፊቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በኃይል ወርዶ ነበርና ከምድር በታች የታመቀው ጋዝ በዓለቱ ስንጥቅ ሾልኮ ከወለሉ ሥር ተጠራቀመ፤ እሳት ሲያገኝም ቤቱን አፈረሰው። ከሎስኮ በኋላ በብሪታንያ የቆሻሻ ጋዝ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ። አሜሪካ በ1996 ትልልቅ የቆሻሻ መድፊያዎች ጋዛቸውን እንዲሰበስቡ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ1999 ተከተለ።

እንግዲህ ጋዙ ተሰበሰበ። አብዛኛው በችቦ ይነድ ነበር፤ ከፊሉ በሞተር ኤሌክትሪክ ያመነጭ ጀመር። ሞተሩ ደግሞ ያልታሰበ ጠላት አገኘ። ሰው የሚታጠብበት ሻምፖና የሚቀባው ክሬም ሲሎክሴን የተባለ ኬሚካል አለው፤ ከቆሻሻው ጋር አብሮ ይጣልና ከጋዙ ጋር ይወጣል። ሲቃጠል በፒስተኑና በቫልቩ ላይ እንደ አሸዋ የጠነከረ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ገለፈት ከመግባቱም በፊት ጋዙ በከሰል ማጣሪያ ማለፍ ያለበት በዚህና በሰልፋይዱ ምክንያት ነው።

በ1990ዎቹ ኔዘርላንድ ውስጥ ገለፈት የተገጠመላቸው ትንንሽ የቆሻሻ ጋዝ ማጣሪያዎች ተሞከሩ። ሠሩ፤ ግን አባካኝ ነበሩ። ሜቴንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይቀርም፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር ጥቂት ጥቂት እያለ ያልፋል። አንድ ጊዜ ብቻ በማሳለፍ ንጹሕ ጋዝ ለማግኘት የፈለገ ሰው ከሜቴኑ ብዙ ያጣል። ኪሳራው ደግሞ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሜቴን በሃያ ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰማንያ እጥፍ ያህል ይበልጣል። በ1991 ሎይድ ሮብሰን የተባለ አሜሪካዊ እስከዚያ ጊዜ የተሠሩትን የገለፈት ፕላስቲኮች መረጃ በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጦ አሳዛኝ እውነት አሳየ። በብዛት የሚያሳልፍ ፕላስቲክ በደንብ አይለይም፤ በደንብ የሚለይ በብዛት አያሳልፍም። ሁሉም ከአንድ መስመር በታች ተኮልኩለዋል። ለሚቀጥሉት ዓመታት የመስኩ ተመራማሪ ሁሉ ሩጫ ያንን መስመር መሻገር ሆነ።

ፖሊኢሚድ የተባለ፣ ሙቀት የማይበግረው ፕላስቲክ ወደ መስመሩ ጫፍ ተጠጋ። በ2007 ከቪየና ወጣ ብላ በምትገኘው ብሩክ አን ደር ላይታ በተባለች ከተማ የቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተሳተፉበት የገለፈት ማጣሪያ ከባዮጋዝ የተለየ ሜቴን ወደ ከተማው መስመር ማስገባት ጀመረ። በ2011 አካባቢ የጀርመኑ ኢቮኒክ ኦስትሪያ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ብሎ የሠራውን የፖሊኢሚድ ክር ገበያ አወጣ። እነሆ በመጨረሻ፣ ከግሬሃም ፊኛ 180 ዓመት በኋላ፣ ለሚበሰብስ ነገር ጋዝ ታስቦ የተሠራ ገለፈት።

መሣሪያውን ቀረብ ብሎ ላየው የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ የብረት ቱቦዎች ተደርድረው ይታያሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ ስፋታቸው ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች ታጭቀዋል። ጫፎቻቸው በሙጫ ተጣብቀው፣ ሙጫው ሲደርቅ ተቆርጦ አፋቸው ተከፍቷል። ኮምፕረሰር ጋዙን ከ10 እስከ 20 ባር በሚደርስ ግፊት በክሮቹ አፍ ያስገባል። 0.33 ናኖሜትር የሆነችው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል በክሩ ግድግዳ ሟሙታ ትወጣለች፤ 0.38 ናኖሜትር የሆነችው ሜቴን በአብዛኛው በክሩ ውስጥ ተጉዛ በሌላው ጫፍ ትደርሳለች፤ ግፊቷንም አታጣም።

ብክነቱን ያስቀረው ግን ክሩ ብቻ ሳይሆን አደራደሩ ነው። ከመጀመሪያው ቱቦ የቀረው ጋዝ ወደ ሁለተኛው ገብቶ የመጨረሻው ንጹሕ ሜቴን ይሆናል። በሁለተኛው ሾልኮ ያመለጠው ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል። ከመጀመሪያው ያመለጠው ደግሞ በሦስተኛ ቱቦ ይፈተሻል፤ እዚያ የተያዘው ሜቴንም ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል። በዚህ አደራደር ከባዮጋዙ ሜቴን ከ99 በመቶ በላይ ማስቀረት ተቻለ።

በዚያው ሰሞን፣ በ2009፣ ኢትዮጵያም ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራሟን ጀመረች፤ በገበሬው ጓሮ የላም እበት የሚብላላባቸው ጉድጓዶች ተሠሩ። እዚህ ገለፈት አያስፈልግም፤ ጋዙ እንዳለ ወጥ ያበስላል፣ ቡና ያፈላል፣ ማታ ያበራል። የብዙ ባለቤቶች ቅሬታ ሌላ ነው፤ ተራው የባዮጋዝ ምድጃ እንጀራ አይጋግርም።

የቆሻሻ ክምር ግን ከእበት ጉድጓድ ይለያል። ጋዙ በመምጠጫ ስለሚሳብ አየር አብሮ ይገባል፤ አየር ማለት በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው። የናይትሮጅን ሞለኪውል 0.36 ናኖሜትር ያህል ናት፤ ከሜቴን ጋር ልዩነቷ እጅግ ጠባብ በመሆኑ ገለፈቱ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። የዛሬው ራስ ምታት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይሆን ይህ ነው። በፈረንሳይ ግሬኖብል አካባቢ በ2015 የተቋቋመው ዋጋ ኢነርጂ የተባለ ኩባንያ ከገለፈቱ ቀጥሎ ብርድ ጨመረበት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በገለፈት ከተነጠለ በኋላ የቀረው በኃይል ይቀዘቅዛል፤ ሜቴኑ ፈሳሽ ሲሆን ናይትሮጅኑና ኦክስጅኑ ጋዝ እንደሆኑ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው መሣሪያ በ2017 መጀመሪያ ሳን ፍሎራንታን ላይ ሥራ ጀመረ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ከነቤታቸው ተቀበሩ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ክምሩ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ ትልቅ ከተማ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ነው። በማግስቱ ዓመት ነሐሴ ላይ አጠገቡ የረጲ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተመረቀ፤ እሱ አዲስ የሚመጣውን ቆሻሻ የሚያቃጥል እንጂ ከአሮጌው ክምር ጋዝ የሚስብ አይደለም።

በኖቬምበር 2021 በግሬሃም የትውልድ ከተማ፣ በግላስጎው፣ ከመቶ በላይ አገሮች በ2030 የሜቴን ልቀትን በ2020 ከነበረው 30 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ የገለፈት ሻጮች በየአገሩ እየዞሩ ነው፤ ወደ እኛም መምጣታቸው አይቀርም። ሲመጡ የሚነገራቸው ግልጽ መሆን አለበት። ገለፈት የሚሠራው በተዘጋ ክምር ላይ ነው። አፈር ያልለበሰ፣ በየቦታው አየር የሚገባው፣ ሰው በላዩ የሚለቅምበት ክምር ሜቴኑን ለሰማይ ይሰጣል፤ ጥቂት ቢያዝ እንኳ ናይትሮጅን የበዛበት ስለሆነ የተለመደው ክር ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ የከተማ አስተዳደሮቻችን በጀት ሲመድቡ በቅድሚያ ለሽፋኑ፣ ለጋዝ ጉድጓዶቹና ለቱቦው ይመድቡ፤ ለቃሚዎቹም ሌላ መተዳደሪያ ይፈልጉ። ኮምፕረሰሩና ገለፈቱ ከዚያ በኋላ የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው።